ያልፈረሰው ማኅበር

«መታወቂያህ ጊዜው አላለፈበትም አይደል?» የሚለው የወንድሟ ድምፅ ከአገሬ ጆሮ የገባው እሱ ቤት አድራ ከጓሮው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ነበር። ገና ጎህ አልቀደደም። ዘበኛው ጋሽ ይታያል ከበሩ ጥግ ካለችው የቆርቆሮ ክፍላቸው ወጥተው ከወንድሟ ከቢሰጥ ፊት ቆመው ኖሯል፤ «የለም ጌታዬ፣ ሁለት ዓመት ይቀረዋል» ሲሉ ሰማች። «ጥሩ። እንግዲያው ኮትህን ደርብና ተነሥ፣ ሴመራ አብረኸን ትሄዳለህ። የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ላደርግህ ነው።» ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ «እኔን?» አለ። «አንተን። አሥራ ስድስት ዓመት በሬን ጠብቀህልኛል፤ እንዲያውም ያንስሃል።» አገሬ በእፍኟ የያዘችው ውኃ በጣቶቿ መካከል ሾልኮ አለቀ። ማታ ቢሰጥ «መፍትሔው ተገኝቷል፤ ነገ ሴመራ ሄደን እናስተካክለዋለን፣ ካንቺ የሚፈለገው አንዲት ፊርማ ብቻ ናት» ብሏት ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር። መፍትሔው ሰው መሆኑን ግን አልነገራትም።

ከዚያ በፊት አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ በቅጡ አልተኛችም። ከሴመራ ግብር ቢሮ የተላከው ደብዳቤ የደረሳት በምትሠራበት ትምህርት ቤት ነው። ርእሰ መምህሩ የንብረት ክፍሉን በር ገፋ አድርጎ፣ ጠመኔና ወረቀት ሊረከቡ የተሰለፉት መምህራን እየሰሙ፣ «ወይዘሮ አገሬ፣ ድርጅት አለዎት እንዴ?» ብሎ ሰጣት። ቢአገ የጥጥ ንግድና ትራንስፖርት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የግብር ማሳወቂያ አላቀረበም፤ ሥራ አስኪያጇ ቀርባ ካላስረዳች በሕግ ትጠየቃለች ይላል። ቢአገ ማለት ቢሰጥና አገሬ ማለት ነው። ያኔ ቢሰጥ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለነበር በራሱ ስም ሥራ አስኪያጅ መሆን አልሆነለትም፤ እሷ ባሏን በቀበረች በስድስተኛ ወሯ መጥቶ «ፈርሚ በቃ» አላት፣ ፈረመች። ድርጅቱ አንድ ወቅት ጥጥ አመላለሰና፣ የዚያ ዓመት ግብሩ በቢሰጥ እጅ ተከፍሎ፣ ቆመ። ቢሰጥም መሥሪያ ቤቱን ለቆ፣ በሌላ ስም ሌላ ፈቃድ አውጥቶ የጭነት መኪኖቹን ገዛ። ቢአገን ከዚያ ወዲያ ያነሣው ሰው አልነበረም። አገሬም የቆመ ነገር ሁሉ ያለቀ ነገር ይመስላት ነበር።

ደብዳቤው በደረሳት በሁለተኛው ቀን ደመወዟ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ታገደ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ከሆዷ አልወጣም። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ስልኳን በትራስ ትጫነዋለች። የግቢው በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የምታየው ከቆርቆሮው ሥር የሚታየውን ጫማ ነው፣ የፖሊስ ከስክስ መሆን አለመሆኑን። ምድሪቱ በተንቀጠቀጠችበት ሰሞን፣ ባሏ ትቶላት የሄደው የምድር ባቡር ቤት ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፍት፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ሜዳ ላይ ፍራሽ አንጥፋ ብዙ ሌሊት አድራለች። ያኔም ፈርታ ነበር። ያ ፍርሃት ግን የሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ ጎረቤቷ ሰኢዳ ዱዓ እያደረገች፣ እሷ እያማተበች፣ ልጆቹም እየተሳሳቁ አብረው ነው የፈሩት። ይኸኛውን ለማን ታካፍለው? ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ የምትገዛ ሴት ድርጅት አላት ቢባል መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። ሰው ስቆ እስኪጨርስ ደግሞ መጠበቅ አለባት።

ከአዋሽ ሲወጡ ጋሽ ይታያል ከፒካፑ የኋላ ወንበር ላይ ጥቁር ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ላይ ምላጩ የቆረጣቸው ቦታ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በዚያ ጨለማ መቼ ውኃ አሙቀው መቼ እንደተላጩ እንጃላቸው። የአዋሽ አርባን ኬላ አልፈው የመልካ ወረር መገንጠያ ሲደርሱ ፀሐይ ወጣች። መንገዱ ዳር ሐብሐብ ተቆልሏል። ቢሰጥ መኪናውን አቁሞ፣ ትልቁን ሁለት መቶ ብር ሲሉት ሳይከራከር ገዛና በመስኮቱ አሾልኮ ለሽማግሌው አቀበላቸው። አገሬ ወንድሟ ሳይከራከር ነገር ሲገዛ አይታ ስለማታውቅ ከሐብሐቡ ይልቅ ይህ አስደነገጣት።

«እዚህ ነበርኩ እኮ እትዬ አገሬ» አሉ ጋሽ ይታያል ወደ ሜዳው እያመለከቱ። «ከወረኢሉ ስመጣ መጀመሪያ ዱብቲ ነው የገባሁት፣ ለሦስት ወር ጥጥ ለቅሜ ልመለስ። ከዚያ እዚህ። ሦስት ወሩ ይኸው አላለቀም።» ሳቁ። ወገባቸው በጥጥ ጆንያ ሸክም የተጎዳበትን ዓመት፣ ሕክምናውን፣ ቢሰጥ በር ላይ እንዴት እንደተቀጠሩ አወሩ። ገዋኔ ሲቃረቡ ስልካቸው ኔትወርክ አገኘና ለልጃቸው ደወሉ። የመኪናው ድምፅ እንዳይውጣቸው እየጮኹ ነው የሚናገሩት። «ሥራ አስኪያጅ! አዎ፣ እኔ! አባትሽ! … ድርጅት ነዋ፣ የጥጥ! … እግዜር ይስጣቸው በያቸው፣ አጠገቤ ናቸው!» ስልኩንም ወደ ፊት ዘርግተው «ምርቃት ልታቀብልዎ ነው ጌታዬ» አሉ። ቢሰጥ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «አሜን፣ አሜን» አለ። አገሬ ወደ አያሉ ተራራ ዞራ ተቀመጠች። ተራራውን ግን አላየችም፤ አንገቷ ላይ የሚመታውን ደም ነበር የምትቆጥረው። አሁን ልናገር ትላለች፣ ከዚያ ድልድዩን እንለፍ ትላለች፣ ከዚያ ከፊት ያለውን የጅቡቲ ተሳቢ ይቅደምና ትላለች። ወንድሟ ደግሞ ጭንቀቷን ያሸተተው ይመስል፣ «እምነት የሚቀጥለው ሴሚስተር መቼ ነው የምትመዘገበው?» አላት። እምነት ሴመራ የምትማረው ልጇ ናት፤ የቤት ኪራይና የኪስ ገንዘቧን የሚሰጣት አጎቷ ነው። «ወር ሲገባ» አለች አገሬ። «ጥሩ» አለ።

ሚሌ ላይ ለቁርስ ወረዱ። የጭነት መኪኖቹ ጫፋቸው እስኪጠፋ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮች በጥላቸው ሥር ሽርጥ ታጥቀው ተጋድመዋል፤ ምግብ ቤቱ የናፍጣና የጥብስ ሽታ ይሸታል። ጋሽ ይታያል እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ቢሰጥ ከፎልደሩ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ የጠረጴዛውን ላስቲክ በክንዱ ጠርጎ አስቀመጠው። ቃለ ጉባኤ ነው። የማኅበሩ አባላት ባደረጉት ስብሰባ ወይዘሮ አገሬ በራሳቸው ፈቃድ ከሥራ አስኪያጅነት መልቀቃቸውንና አቶ ይታያል መሾማቸውን፣ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ግብርን በሚመለከት ሙሉ ኃላፊነቱን አቶ ይታያል መረከባቸውን ይናገራል። አገሬ ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው።

«ወንድምጋሼ፣ ይኼ ቀን…»

«ቀኑን ተይው።»

«ዘጠኙን ዓመት እሳቸው ላይ?»

«ምን አላቸው ብለሽ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንዲያውም እንደ ማባበል ነበር። «ምን ይወስዱባቸዋል? ቤት የላቸው፣ ደመወዝ በባንክ አይበሉ። አንቺ ግን ልጅ አለሽ። እኔም ባንክ የጠየቅኩት ብድር አለኝ፣ ከግብር ዕዳ ነፃ ነው የሚል ክሊራንስ ካላመጣሁ ያልፈኛል። ሽማግሌውን ማን ይጠይቀዋል?» ጋሽ ይታያል እጃቸውን እያራገፉ ሲመለሱ እስክሪብቶውን ለሳቸው ሰጣቸው። «እዚህ ጋ ፈርም።» ጋሽ ይታያል ስማቸውን መጻፍ ይችላሉ እንጂ ደቃቅ ጽሑፍ አያነቡም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ምላሳቸውን ከከንፈራቸው ዳር አውጥተው፣ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻ እየቀረጹ ጻፉ፤ ሲጨርሱ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት። ቢሰጥ ወረቀቱን ወደ እህቱ ገፋው። አገሬ ጣቶቿን እያየች «እጄ ዘይት ነው፤ እዚያው ስንደርስ» አለች። ገና ምግብ አልመጣም ነበር። ቢሰጥ ወረቀቱን ወደ ፎልደሩ መልሶ ፎልደሩን አቀበላት።

ሴመራ የገቡት ረፋዱ አምስት ሰዓት ሲል ነው። ባዶ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሰፊ አስፋልት፣ ተራርቀው የቆሙ ሕንፃዎች፣ በመካከላቸው አቧራ እየጠረገ የሚያልፍ ትኩስ ነፋስ። የግብር ቢሮው መተላለፊያ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንድ ማራገቢያ ከጣሪያው ላይ እየተንገጫገጨ ሙቁን አየር ወዲያና ወዲህ ይገፋል። አገሬ ፎልደሩን ይዛ ከበሩ መቃን ጋር ተጣበቀች። ውስጥ፣ ቡናማ ሒጃብ ያጠለቀች ወጣት ሠራተኛ ከአንድ ነጋዴ ጋር ትነጋገራለች። «እኅቴ፣ ሱቁ ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው» ይላታል ሰውየው። «ሥራ ካልሠራሁ ምን ላሳውቅ?» «አለመሥራትዎን» አለችው ሠራተኛዋ። «ፈቃዱን ካልመለሱ፣ ካላዘጉት፣ እኛ ጋ በሕይወት አለ። በሕይወት ያለ ነገር ደግሞ በዓመቱ ይጠየቃል። ዜሮም ቢሆን ዜሮ ብለው ጽፈው ይመጣሉ።» ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። አገሬ ሴትየዋ የተናገረችው ለሱ ይሁን ለሷ አልለይ አላት። የሱ የሱቅ ነው፣ አራት ዓመት ነው። የሷ ማኅበር ነው፣ ዘጠኝ ነው፤ በቦርሳዋ ውስጥ ባለው ደብዳቤ ላይ ደግሞ «ወንጀል» የሚል ቃል አለ።

ተራቸው ደረሰ። ሠራተኛዋ ፋሪሃ ትባላለች፤ ስሟ ጠረጴዛዋ ላይ ባለች እንጨት ላይ ተጽፏል። ቢሰጥ ወንበሩን ስቦ ከሁሉም ቀድሞ ተቀመጠና ነገሩን አስረዳት። ድምፁ የለመደ ሰው ድምፅ ነው። ስሕተት ነው አለ፤ እህቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለቃለች፣ ለውጡን ሳያስመዘግቡ ቀርተው ነው፣ ትክክለኛው ሥራ አስኪያጅ ይኸው ራሳቸው ቀርበዋል። ፋሪሃ ወረቀቱን ተቀበለች፣ አነበበች፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ እንደገና አየችው። ከዚያ ቀና አለችና «አባባ፣ ይቀመጡ እስቲ» አለች ሌላ ወንበር እያሳየች። ጋሽ ይታያል ኮታቸውን አስተካክለው በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እርስዎ ነዎት የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ?»

«አዎን እመቤቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሽማግሌው ወደ ቢሰጥ አዩ። «ዘጠኝ ዓመት» አሉ፣ ከሚሌ ወዲህ መኪና ውስጥ እንደተነገራቸው።

«ማኅበሩ ምን ይሠራ ነበር?»

«ጥጥ» አሉ ፊታቸው እየበራ፤ ይህን ያውቁታል። «ጥጥ መቼም እመቤቴ፣ ጤዛው ሳይለቅ ከተለቀመ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ኋላ ግን ይሻግታል…»

«እሺ። እርስዎ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ምን ይሠሩ ነበር?»

ጋሽ ይታያል ትንሽ አሰቡ። መዋሸት ፈልገው ሳይሆን ጥያቄውን በደንብ ለመመለስ ፈልገው ነው ያሰቡት። «በር እጠብቅ ነበር» አሉ።

ቢሰጥ ሳቀ። «መጋዘኑን ማለቱ ነው» አለ። ፋሪሃ አልሳቀችም። ወረቀቱን በጣቷ አንኳኳችና በበሩ አጠገብ ወደቆመችው ሴት ዞረች። «ወይዘሮ አገሬ እርስዎ ነዎት? እዚህ ላይ የእርስዎ ፊርማ የለም። እኚህ አባት ያኔ መሾማቸውን ያረጋግጣሉ?»

ወንድሟ አላያትም፤ የመኪናውን ቁልፍ በጉልበቱ ላይ ይዞ ወደ መስኮቱ ነበር የሚመለከተው፣ ነገሩ ያለቀለት ሰው ይመስል። ያየቻት የጋሽ ይታያል ዓይን ናት። በወንበራቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ወደሷ ዞረው፣ ምስክራቸው ስለሆነች ፈገግ ብለው፣ አዎ እስክትልላቸው ይጠብቃሉ። አገጫቸው ላይ ያለችው ወረቀት ደም ጠጥታ ጠቁራለች። አገሬ ጀግንነት አልተሰማትም። የተሰማት እስር ቤት ሊገባ የሚነዳ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። «አዎ» ልትል ከንፈሯን ከፈተች። የወጣው ግን «የለም» ነው።

«ምን አሉኝ?»

«እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። ያኔም እኔ ነበርኩ፣ እስከ ዛሬም እኔ ነኝ። እሳቸው ምንም አያውቁም።» ከዚያ ማቆም አቃታት። «አልሠራንም፤ ማሳወቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ ፈርሚ ስባል ፈረምኩ። ካሰራችሁኝ ልጄ እዚህ ከተማ ናት፣ ቀድሜ ልንገራት።»

ፋሪሃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቢሰጥን አየችው፤ እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። «አቶ ቢሰጥ፣ ይህን ወረቀት አልተቀበልኩትም» አለች ቀስ ብላ። «መዝገብ ውስጥ አልገባም፣ ማኅተም አላረፈበትም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ግን ሐሰተኛ ሰነድ የሚመረምረው ክፍል ነው የሚጠይቅዎት፣ እኔ አይደለሁም።» ወረቀቱን ወደ አገሬ ገፋችው። አገሬም ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችው። «እርስዎን ማንም አላሰረም» አለቻት ፋሪሃ። «አሁን ለምሳ ልንዘጋ ነው፤ በዚህ ሙቀት የምንከፍተው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ይምጡ። የዘጠኙን ዓመት እያንዳንዱን ለየብቻ እንሞላለን።»

ወደ ውጭ ሲወጡ ቢሰጥ ከፊት ነበር። አልተቆጣም፣ አልሰደባትም፤ ቢሰድባት በቀለላት። መኪናውን ከፍቶ የጋሽ ይታያልን ፌስታልና ያልተቆረጠውን ሐብሐብ አውጥቶ አስፋልቱ ዳር አስቀመጠ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ፣ አንዴ እንኳ ዞር ሳይል፣ ወደ ሎግያ በሚወስደው መንገድ ሄደ። ጋሽ ይታያል መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ አገሬ ዞሩ፤ ፈገግታው ጠፍቶ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምን በደልኩዎት እትዬ አገሬ?» አሉ። «አንድ ነገር ሊሰጡኝ ነበር። በስተርጅናዬ። ለልጄም ነግሬያለሁ። ምን ጎደለብዎት?»

አገሬ ፌስታላቸውን አነሣች፣ እሳቸው ሐብሐቡን። መንገዱን ተሻግረው ካለች የሸራ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ገቡ፤ ሁለት ሻይና አንድ የታሸገ ውኃ አዘዘች፤ ውኃውን ለሳቸው ከፈተችላቸው። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ አነበበችላቸው። ቀኑን ስታነብ አስቆሟት። «ዘጠኝ ዓመት በል ያሉኝ ለዚህ ነው? ያኔ እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ዱብቲ፣ ወገቤ አገርሽቶብኝ።» ቀጠለች። «ግብርን በሚመለከት ሙሉ ኃላፊነቱን» የሚለው ጋ ስትደርስ «ድገሚልኝ» አሉ፣ አንቱታውን ረስተው። ደገመችላቸው። ደብዳቤዋንም አውጥታ አነበበችላቸው፣ «ወንጀል» የሚለውን ቃል ሳትዘል። ጋሽ ይታያል ሻያቸውን አልነኩትም፤ ዝንብ ገባበት። ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፤ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ ነበር።

«እንግዲህ እኔን ነበር የሚወስዱኝ» አሉ።

«እኔን ሊወስዱ ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ ያጣሁት። አሁንም አላወቅኩም።»

«አሁንም ይፈራሉ?»

«በጣም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙቀቱ ከመሬቱ እየተነሣ ሸራውን ያንሳፍፈዋል፤ ባለሻይዋ መሬት ላይ ውኃ ረጨች፣ ወዲያው ደረቀ። ጋሽ ይታያል ሐብሐቡን ከባለሻይዋ ቢላ ተውሰው ቆረጡትና ለሷም፣ ለአገሬም፣ ጥላ ፍለጋ ለተጠጉ ሁለት ሾፌሮችም አደሉት። ሽማግሌው ወደ ቢሰጥ ቤት እንደማይመለሱ ሳይነጋገሩ ሁለቱም ያውቃሉ። ዱብቲ ከጥጡ ዘመን ጀምሮ የሚያውቋቸው ሰዎች እንዳሉ፣ በሚኒባስ ቅርብ እንደሆነ ተናገሩ። ግን አልሄዱም። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ቀድመዋት ተነሡና «እጠብቅዎታለሁ፤ ብቻዎን አይግቡ» አሉ።

ዘጠኙን ቅጽ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ፋሪሃ አንዳንዱን እያሳየቻት፣ የዓመቱን ገቢ፣ የዓመቱን ወጪ፣ ሠራተኛ፣ ንብረት፤ ሁሉም ጋ ዜሮ። አገሬ ካርቦኑን እየቀያየረች፣ በንብረት ክፍል እንደለመደችው ሳትሰርዝ ሳትደልዝ ጻፈች። በዘጠኙም ዓመት አናት ላይ የራሷን ስም እየጻፈች፣ ከሥሩ ያለውን እያንዳንዱን መስመር እያነበበች ነበር። ሳታነብ የፈረመችው ነገር ይህ መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው። «ቅጣት አይኖርም ብዬ አልዋሽዎትም» አለች ፋሪሃ ማኅተሟን እየመታች። «ግን ምንም እንዳልሠራችሁ ይታያል፤ የይቅርታ ማመልከቻም አለ፣ ኮሚቴው ያየዋል። ተጠርቶ የመጣ ሰው ተይዞ እንደመጣ አይቆጠርም። ኢንሻአላህ ይቀላል።» ከዚያ አንድ ሌላ ወረቀት አቀበለቻት። «ዋናው ግን ይኼ ነው። ማኅበሩ ካልፈረሰ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚሁ ነው፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ለማፍረስ የሁለታችሁም አባላት ውሳኔና ፊርማ ያስፈልጋል። ወንድምዎ ካልፈረሙ በፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ረጅም ነው።»

አገሬ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ውጭ ነፋሱ በርዶ ነበር፤ ጋሽ ይታያል ደረጃው ላይ ከተቀመጡበት ተነሡላት። እንዴት ሆነ ብለው ሳይጠይቁ ፊቷን አነበቡ። ለልጇ ደውላ ዛሬ እሷ ጋ እንደምታድር፣ ሽማግሌ እንግዳም ይዛ እንደምትመጣ ነገረቻት፤ ምን እንደተፈጠረ ግን በስልክ አልሆንላት አለ። የትምህርቷን ነገር፣ የኪራዩን ነገር ማታ ሲገናኙ ይነጋገራሉ። ገና ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ሌላ ተደወለ። ቢሰጥ ነው። አነሣችው።

«የት ነሽ?»

«እዚያው።»

«ሎግያ ነኝ» አለ። ሎግያ ቅርብ ነው፤ አዋሽ ደርሶ ይሆናል ብላ ስታስበው፣ ለካ ያን ሁሉ ሰዓት ከዚያ አላለፈም። ከበስተጀርባው የተሳቢዎች ጥሩምባ ይሰማል። «ያንን ወረቀት… ለሴትየዋ ሰጠሻት?»

«የቱን?» አለች፣ ብታውቀውም።

«ቃለ ጉባኤውን ነዋ።» ድምፁ የዚያ ጠዋት የለመደው ድምፅ አልነበረም። ቃላቱ አንዱ ከሌላው ተለያይተው ነው የሚወጡት። ወንድሟን በሕይወት ዘመኗ እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም፤ ድምፁን ግን ታውቀዋለች፣ ባለፉት ቀናት ከራሷ አፍ ሲወጣ የነበረ ድምፅ ነው።

«እኔ ጋ ነው» አለች።

አገሬ ብዙ ነገር ልትለው ትችል ነበር፤ ስለ ባሏ ለቅሶ ሰሞን፣ ስለ ሐብሐቡ፣ ስለ እምነት፣ መንገድ ዳር ስለተጣለው ፌስታል። አንዱንም አላነሣችውም። «ማኅበሩን ለማፍረስ ያንተ ፊርማ ያስፈልጋል ወንድምጋሼ» አለች። «ነገ ጠዋት።»

አንድ ተሳቢ አለፈ፣ ከዚያ ሌላ። ቢሰጥ ሲተነፍስ ይሰማታል።

«ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለ።